ስለ አጥቢያችን የታሪክ መዝገብ፤ የጥንቱ ወንጌልና የአሁኑ ድረ ገጽ



በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረው፥ ኀምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየም ወደ ወገኑ ይመለሳል። ይህን ሥርዐት ስንሰማ ደስታውን እናስባለን እንጂ አንድ ነገር አንጠይቅም። ይኸውም፤ በኀምሳ ዓመት ውስጥ ሻጩም ገዢውም ሞተው፥ ድንበሩም ታርሶ፥ ርስቱ የማን እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? የሚያስታውስ ሰው ወይም የተጻፈ ነገር ከሌለ፥ መለከቱ ቢነፋም ወዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል እንደ ሆነ ሁሉ የመዝገብም በዓል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ደብራችንም ኀምሳኛ ዓመቷን ስታከብር፥ የሰበካ ጉባኤው፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችና የየዕድሩ ሽማግሎች ተመካክረው፥ የአጥቢያውን ታሪክ የሚጠብቅ የመዝገብ ድረ ገጽ ለመሥራት ጀምረዋል። ከመካከላችን ነገሩን እንደ እንግዳ የሚያዩት አሉ፤ የሚፈሩትም አሉ። ይህ ጽሕፈት የቀረበው ሥራው ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ከታሪክ ለማስረዳት፥ ደግሞም የሚፈሩት ሰዎች በከንቱ አለመፍራታቸውን ለመመስከር ነው። የምንደርስበትም ነገር ይህ ነው፤ መዝገብን የሚያጸናው የጻፈው ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ሲጻፍ ቆመው የሰሙትና የመሰከሩት ሰዎች ናቸው።

የቀድሞ አባቶች መዝገብ

በአገራችን የአጥቢያ ታሪክ ጥንት ይጻፍ የነበረው በወንጌል ነው። ንጉሥ ወይም መኰንን ለቤተ ክርስቲያን ጕልት በሰጠ ጊዜ፥ ሰው መሬት በሸጠ ወይም ባወረሰ ጊዜ፥ የዕቃ ቤቱ ንዋይ በተቈጠረ ጊዜ፥ ጸሓፊው የአራቱን ወንጌል መጽሐፍ ያወጣና በባዶው ቅጠል ወይም በኅዳጉ ላይ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በብዙ አድባራት ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፥ ከቃለ ወንጌሉ ሌላ ለገዳሙ ስለ ተሰጡ መጻሕፍት የሚናገር ጽሕፈት ይገኝበታል። የአክሱም ጽዮንም የጕልትና የሥርዐት መዝገብ መጽሐፈ አክሱም ተብሎ ከዘመን ወደ ዘመን ተላልፎአል፤ ይህንም ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1909ና በ1910 ዓመት አሳትሞታል።

አባቶች ስለ ምን በወንጌል ጻፉ? ምክንያቱ ሦስት ይመስለናል። አንደኛው፥ ወንጌል ከቤተ ክርስቲያን የማይወጣና የማይሸጥ መጽሐፍ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፥ በዚያ ላይ የተጻፈውን የፋቀና የለወጠ ሰው በውግዘት ስለሚታሰር ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን፥ ጽሕፈቱ በስውር የማይጻፍ መሆኑ ነው። ከጽሕፈቱ መጨረሻ የምስክሮቹ ስም ይቈጠራል፤ አለቃው፥ ቄሰ ገበዙ፥ የአገሩ ሹምና ሽማግሎቹ በየስማቸው ይጠራሉ። ጠብ በተነሣ ጊዜ መጽሐፉ ይነበባል፤ በሕይወት ያሉ ምስክሮችም ይጠየቃሉ። ስለዚህ መዝገቡ ብራናው ብቻ አልነበረም፤ ብራናውና ጉባኤው አንድ ላይ ነበሩ እንጂ።

በጐንደር ዘመንም ይህ ልማድ እጅግ በዛ። በ18ኛው መቶ ዓመት ስለ መሬት ሽያጭ፥ ስለ ውርስና ስለ ክርክር የተጻፉ ብዙ ጽሕፈቶች በአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይገኛሉ። የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ሰብስቦ በመረመረ ጊዜ፥ ሴቶች መሬት ሲሸጡ፥ ሲገዙና በዳኛ ፊት ሲከራከሩ በብዙ ቦታ አግኝቶአል። በታሪከ ነገሥት ያልተነገረላቸው እነዚህ ሴቶች፥ በአጥቢያቸው መጽሐፍ ጥግ ላይ ስማቸው ቀርቶላቸዋል።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። በወርቅ ወንጌል የሰጪውና የተቀባዩ፥ የዳኛውና የምስክሩ ስም ይገባል፤ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግብሩ ይቈጠራል እንጂ ስሙ አይነገርም። መስቀሉን የሠራው አንጥረኛ፥ መጋረጃውን የሸመነው ሸማኔ፥ የጠበል ጻድቁን ጋን የሠራችው ሸክላ ሠሪ፥ ሥራቸው በቤተ ክርስቲያን ሲኖር እነርሱ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የአባቶችን ሥራ የምንወርስ ከሆነ፥ ይህን ጕድለት አውቀን ልናሟላው ይገባናል።

መጽሐፍ ከአገሩ በወጣ ጊዜ

ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከጐንደር አድባራት የመጡ ናቸው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ተዘረፉ። ምርኮውም በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1864 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ እንግሊዝ ንግሥት ልከው ክብረ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ምክንያታቸውም የሹሞቹ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአገሮቹ ስም በዚያ መጽሐፍ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ያለ እርሱ ሕዝቡ ለትእዛዛቸው እሺ እንደማይል ነው። መጽሐፉም ተመለሰላቸው። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። በባዕድ አገር የተቀመጠው መጽሐፍ እንደ ጌጥ ነበር፤ በአገሩ ግን ማን የት እንደሚኖርና መብቱ ምን እንደ ሆነ የሚመሰክር ሕያው ዳኛ ነበር። መዝገብ ከባለቤቱ ሲለይ ይህ ሥራው ይቀርበታል።

ከዚህ የተለየ ሥራ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ተጀመረ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን መንበረ ፓትርያርክ፥ በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው፥ የየአድባራቱ መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ሆነ። በዚህ ሥራ ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ የሐይቁም ወንጌል በ1832ኛው ቍጥር ይገኛል። መጽሐፉ በቦታው ሲቀር ሥዕሉ ብቻ በሁለት ቅጂ በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በ1976 ወደዚያ ሄደው ለብዙ ዓመታት በየመጽሐፉ ያለውን እየመረመሩ ዝርዝሩን በመጻፍ ታላቅ ውለታ ውለዋል። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ።

ሆኖም ሊቁ ምንም ቢራቀቅ፥ በሩቅ አገር ተቀምጦ የእያንዳንዱን አጥቢያ ወንዝ ሊያውቅ አይችልም። በኅዳጉ ላይ «ከሾላው በታች እስከ ምንጩ» የሚል ቢያገኝ ቃሉን ይተረጕመዋል፤ ሾላው የትኛው እንደ ሆነ፥ ምንጩም ደርቆ እንደ ሆነ የሚናገር የአገሩ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሳይጠየቅ ከሞተ ጽሕፈቱ ይነበባል፤ ነገሩ ግን አይታወቅም።

በእኛም ዘንድ የሆነ አንድ ነገር ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ መጥቶ፥ በዕቃ ቤቱ ያለውን ሁሉ በፎቶግራፍ አነሣ፤ ሽማግሎቹንም ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠይቅና ድምፃቸውን ሲቀዳ ዋለ። ቅጂውን እልክላችኋለሁ ብሎ ነበር፤ አልላከም። በዚያን ጊዜ ከተናገሩት አባቶች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። ድምፃቸው በአንድ ቦታ ይኖር ይሆናል፤ ልጆቻቸው ግን አይሰሙትም። እንግዲህ አንዳንዶች ስለ ድረ ገጹ ሲነገራቸው ፊታቸውን ያጠቈሩት ይህን አስታውሰው ነውና ሊነቀፉ አይገባም።

ከሕዝቡ ጋራ መሥራት ማለት ምን እንደ ሆነ

በዚህ ምክንያት የድረ ገጹ አሠራር ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። በጉባኤ ሊመከርባቸው የሚገቡት ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ባለቤትነቱ። የድረ ገጹ ስምና መክፈቻው በአንድ ወጣት እጅ ብቻ ከሆነ፥ ያ ወጣት ወደ ሌላ አገር ቢሄድ መዝገቡም አብሮት ይሄዳል፤ የዓመቱ ክፍያ ቢዘነጋም ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል። ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ እንደማይከፈት ሁሉ፥ ይህም ከካህናት፥ ከምእመናንና ከወጣቶች በተመረጡ ሰዎች ሊጠበቅ ይገባዋል። ደግሞም የሁሉ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ዋና ዋናውም በወረቀት ታትሞ ይጠረዝ። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚነበበው እርሱ ነውና።

ሁለተኛ፤ ስለ ስም። በባዕድ አገር ልማድ የተሠራ መዝገብ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ግን ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ከዚህ ሌላ የክርስትና ስም አለ፤ የማዕርግ ስም አለ፤ በሰፈር የሚጠሩበት ስም አለ። አንድን ሰው በሦስት ስም ሦስት ሰው አድርጎ የሚቈጥር መዝገብ ታሪክን ያበላሻል። የክርስትና ስሙን ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማውጣት አይገባም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፊደል። ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ንባብ አንድ ሆነዋል። አንዱ «ኃይሉ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው፥ ድረ ገጹ የለም ሊለው አይገባም። በፍለጋ ጊዜ ሞክሼዎቹ ፊደላት እንደ አንድ ይቈጠሩ፤ የጥንቱ ጽሕፈት ግን ጸሓፊው እንደ ጻፈው ሳይታረም ይቀመጥ።

አራተኛ፤ ስለ ዘመን። ሽማግሎች የሚቈጥሩት በነገር ነው። አንድ አባት «ጠላት ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ ተወለድሁ» ቢሉ፥ ዓመቱን አያውቁም ማለት አይደለም፤ አስተካክለው ነግረዋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ማርቆስ፥ 3 ሉቃስ፥ ያለ ትርፍ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። ጠላት የወጣው በ1933 በዘመነ ማቴዎስ ነው፤ እንግዲህ የእኒህ አባት የልደት ዓመት 1935 ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ ሽማግሌው የተናገሩትን ቃልም፥ በሒሳብ የተገኘውንም ዓመት ሁለቱን ይያዝ። የመዝገቡ ቅጽ 12 ወር ብቻ ካለውም ጳጕሜን የተወለደ ሰው ቦታ ያጣል።

አምስተኛ፤ ስለ ቃል። ከታሪካችን የሚበዛው ያልተጻፈ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች የሚያውቁት በድምፅ ይቀዳ፤ ከተቀዳም በኋላ ለእነርሱ ለራሳቸው መልሶ ይሰማ፤ «እንዲህ አላልሁም» ያሉት ይታረም። ይህ በወንጌሉ ዘመን የተጻፈውን በምስክሮች ፊት እንደ ማንበብ ያለ ነው። ሁለት ቤተ ሰቦች አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ቢናገሩም፥ ሁለቱም ከነተናጋሪው ስም ይጻፍ እንጂ ለማስታረቅ ሲባል አንዱ አይፋቅ።

ስድስተኛ፤ ስለሚሰወረው ነገር። ታሪክ ሁሉ ለአደባባይ አይደለም። በንስሐ የተነገረ ነገር በመዝገብ አይገባም፤ ታቦት በፎቶግራፍ አይነሣም። የክርስትናና የተክሊል መዝገብ የሕያዋን ሰዎች ምስጢር ያለበት ስለ ሆነ ለባለቤቱና ለቤተ ሰቡ ብቻ ይገለጥ። ስለ ንዋየ ቅድሳት የሚነሣው ክርክር ግን ከባድ ነው። ሥዕላቸው ቢወጣ ሌባ ያያል፤ ባይመዘገቡ ደግሞ የተሰረቀው ዕቃ የእኛ መሆኑን ለማስረዳት ምስክር እናጣለን። አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከባሕር ማዶ ከደረሰ በኋላ የተመለሰ ነው፤ መልኩና ስሙ የታወቀ ነገር ለመሸሸግ ያስቸግራልና። ስለዚህ ሥዕሉና ልኩ ተመዝግቦ በተመረጡ ሰዎች እጅ ይጠበቅ፤ የሚቀመጥበት ስፍራ ግን በድረ ገጹ ላይ አይነገር።

የድንጋይ ተሸካሚዎች ስም

ይህን ሁሉ ለመምከር ከቅዳሴ በኋላ በተሰበሰብንበት ቀን፥ የደብሩ መሥራቾች ስም ዝርዝር ተነበበ። የካህናት፥ የሽማግሎችና ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም ነበረበት። ንባቡ ሲያልቅ ከሴቶች ወገን አንዲት አሮጊት እናት ተነሥተው፥ «ልጆቼ፥ ድንጋዩን ከወንዝ በጀርባችን ያወጣን ሰዎች ስማችን በየትኛው ገጽ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

ነገሩን ባሰብነው ጊዜ የጠየቁት ትክክል ሆኖ አገኘነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፥ የቤተ ክርስቲያን የጕልት ዘመን አበቃ። ደብራችን የተተከለችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጕልት የሰጣት ንጉሥ፥ በወርቅ ወንጌል የተጻፈ የመሬት ስጦታም የላትም። የቆመችው በመዋጮና በጕልበት ነው፤ አንዱ ቆርቆሮ፥ አንዱ እንጨት፥ አንዷ ውሃ፥ አንዷ ድንጋይ አመጡ። ጕልታችን ይህ ከሆነ፥ ምስክሮቻችንም እነዚህ ናቸው። ስማቸው ካልተጻፈ ታሪካችን መጀመሪያ የለውም።

በዚህ ምክንያት ጉባኤው ዝርዝሩን ትቶ እንደ ገና ለመጀመር ተስማማ። አሁን ወጣቶቹ በየቤቱ እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ሸክላ ሠሪዎቹም፥ አንጥረኞቹም፥ ሸማኔዎቹም ይጠየቃሉ። አሮጊቷም እናት አብረዋቸው የሠሩትን ሴቶች በስም እየጠሩ ያስጽፋሉ፤ ብዙዎቹ ዐርፈዋል፤ የአንዳንዶቹም የአባታቸው ስም ተረስቶአል። የተረሳውን ቦታ ባዶ ትተንለታል። የሚያውቅ ሰው ቢኖር መጥቶ ይሞላዋል።

እንግዲህ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሆይ፤ በየቤታችሁ ሣጥን የተቀመጠ የዕድርና የሰንበቴ መዝገብ፥ የቆየ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ቅጂው ተወስዶ ዋናው በዚያው ቀን ይመለስላችኋል። በባዕድ አገር ያላችሁ ልጆቻችንም እናንተ ዘንድ ያለውን ላኩልን። ከሁሉ ይልቅ ግን ሽማግሎቻችሁንና አሮጊቶቻችሁን አምጡልን። ብራና ብዙ ዘመን ይቈያል፤ ፊልምም ይቈያል፤ ሰው ግን ለመጠየቅ የተወሰነ ጊዜ አለው። የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ መለከት ሲነፋ ልጆቻችን ወዴት እንደሚመለሱ የሚያውቁት፥ ዛሬ የምንጽፈው ስም ቢገኝ ነው።

የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ድካም የተቀበለ አምላክ የእኛንም ይቀበልልን። አሜን።